በስማቸው የደረደርኳቸው ወረቀቶች

እኔ ነገር ሳበላሽ በችኮላ አላበላሽም። ተጠንቅቄ፣ አስተካክዬ፣ ሰዓቴን አክብሬ ነው የማበላሸው። ባለፈው ጥቅምት እዚህ አትላንታ ውስጥ በአንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ቤት የሆነውም እንደዚያ ነበር። አራት ቀን ብቻ የፈጀ ነገር ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ መሬት፣ ስለ ሰው ስምና ስለ ገዛ አባቴ አውቃለሁ የምለው ሁሉ ተደበላልቆብኛል። ስጽፈው ይጠራልኝ ይሆናል ብዬ ነው የጀመርኩት።

በቅድሚያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ሶስና ነው። ከአባቴና ከእናቴ ጋር በዲቪ አሜሪካ ከገባን አራተኛ ዓመታችን ነበር። የምንኖረው ፓይን ሌክ ሲሆን አባቴ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ እናቴ ሊቶኒያ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። እኔ ኮሌጅ ከገባሁ ገና ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ፊት ወንበር ላይ የምቀመጥ፣ የቤት ሥራ ሁለት ቀን ቀድሜ የማስረክብ፣ መምህር ቀና ብሎ ካየኝ ፈገግ የምል ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ «ሶስና እሺ» ይሉኛል። ማንኛውም ሰው ምንም ነገር ቢጠይቀኝ መጀመሪያ እሺ እላለሁ፤ የተጠየቅኩትን የማስበው ከዚያ በኋላ ነው።

ኮሌጁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የቤተሰብ ሰነድ የሚያስተካክል ጠንቃቃ ተማሪ ይፈለጋል» የሚል ወረቀት አይቼ ደወልኩ። ቤቱ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ውስጥ፣ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካሉት የኛ ሰው ሱቆች በእግር የሚደረስበት ነው። በሩን የከፈቱልኝ ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ የጠቀለሉ የሰማንያ ሁለት ዓመት ሴት ነበሩ። ሙሉ ስማቸው ዶሮቴያ ፎን ቬልሰንሮድ ነው። «ሚስ ዶራ በይኝ» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን የሥራ ቅጹን ስንሞላ ግራ ተጋቡ።

«አባትሽ ማን ይባላሉ?»

«ታደሰ ወልዴ።»

«አንቺ ደግሞ ሶስና ታደሰ። የቤተሰባችሁ ስም የትኛው ነው?»

«የቤተሰብ ስም የለንም። እኔ የታደሰ ልጅ ነኝ፣ ታደሰ ደግሞ የወልዴ ልጅ ነው።»

«ታዲያ የየትኛው ቤት ሰዎች እንደሆናችሁ ሰው በምን ያውቃል?»

«ይጠይቀናል» አልኳቸው። ሚስ ዶራ ሳቁና ቅጹ ላይ የሆነ ነገር ጻፉ።

የእሳቸውን ቤተሰብ ታሪክ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ነገሩኝ። ቬልሰንሮድ በምሥራቅ ጀርመን ያለ መንደር ነው። ቤተሰቡ ለብዙ ትውልድ ያንን መንደርና ሌሎች ሁለት ርስቶችን ይዞ ኖሯል፤ አንደኛው አልተንሙር ይባላል፣ ሌላው ግሪምሆፍ። ደን፣ ወፍጮ፣ የድንች እርሻ፣ ፈረሶች ነበሯቸው። ገበሬው በሳምንት የተወሰነ ቀን ለእነሱ ያርሳል። በቤተሰቡ ልማድ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ሁልጊዜ ዮአኪም ይባላል። ጦርነቱ ሲያልቅ መሬቱ ተወርሶ ለገበሬዎች ተከፋፈለ። ሚስ ዶራ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው በጦርነቱ ሞተዋል። እናታቸው ሲሸሹ የብር ዕቃውን ትተው አሥራ አንድ ሳጥን ወረቀት ጋሪ ላይ ጫኑ። ሳጥኖቹ ከዚያ በኋላ ሚስ ዶራን ተከትለው ውቅያኖስ ተሻግረዋል። አሁን ብራያርክሊፍ አጠገብ ባለው ቤታቸው፣ በእንግዳ መኝታ ክፍል ውስጥ ናቸው።

ቤት ገብቼ ይህን ለአባዬ ስነግረው ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«ባላባት ናት በይኛ» አለኝ።

«የድሮ ባላባት።»

«አርሲ ጥለናቸው ስንመጣ አትላንታ ላይ ቀድመው ጠበቁን?» ብሎ ሳቀ። አባዬ የጭሰኛ ልጅ ነው። ልጅነቱን ብዙ አይተርክም፤ ብቻ መሬት ለአራሹ ሲታወጅ አያቴ ወልዴ ሜዳ ላይ ተንበርክኮ አፈሩን እንደሳመ ነግሮኛል። ከዚያ ቀን በቀር ሌላ ነገር ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ሰኞ ዕለት ሚስ ዶራ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሊሄዱ ተዘጋጁ። አንደኛው ዓይናቸው ከድሮም ከጥላ በስተቀር አያይም፤ ደህናው ነው የሚታከመው። ሁለት ቀን ሐኪም ቤቱ አጠገብ ባለች ጓደኛቸው ቤት ሊያርፉ ነው። ቁልፉን ሰጡኝ።

«እስክመለስ ሳጥኖቹን አስተካክይልኝ» አሉ። «ማንም ሰው ገብቶ የሚፈልገውን ወረቀት በቀላሉ እንዲያገኝ አድርጊ። በአንቺ እተማመናለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

ሳጥኖቹን ስከፍት ወረቀቶቹ በቡናማ መጠቅለያ ተጠቅልለው፣ ቀለሙ በለቀቀ ጥብጣብ ታስረዋል። መጠቅለያዎቹ ገና ሲነኳቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረካከሳሉ። ጀርመንኛ አላውቅም፤ በእርሳስ የተጫረባቸውን ነገር ላነብ አልቻልኩም። በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ያለው ወረቀት ግን ከላይ በግልጽ የላቲን ፊደል የተጻፈ የሰው ስም አለው፤ ስሞቹም በአንድ ጥቅል ውስጥ ተዘበራርቀዋል። ዮአኪም ከኡልሪከ፣ ኡልሪከ ከአማልያ፣ የመቶ ዓመቱ ከትናንቱ። ዝርክርክ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አዲስ አበባ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የክፍል መዝገብ የሚደረደረው በተማሪው በራሱ ስም ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የአባላት ዝርዝርም፣ የእድራችን መዝገብም እንደዚያው ነው። ሌላ አደራደር ሊኖር እንደሚችል አላሰብኩም። ስለዚህ ጥቅሎቹን ሁሉ ፈታሁና እያንዳንዱን ሰው በገዛ ስሙ አደራጀሁት። አማልያ ለብቻዋ፣ ክላራ ለብቻዋ። ዮአኪም ላይ ስደርስ ክምሩ ከጉልበቴ በለጠ። የአባት ስም ልጨምር ብዬ ባይ ዮአኪም ዮአኪም ሆነ። የአያት ብጨምር ዮአኪም ዮአኪም ዮአኪም። ብቻዬን ሳቅኩ። ፎቶ አንስቼ ለአባዬ ላክሁለት፤ «መዝገብ ያዡን ይማረው» ብሎ መለሰልኝ።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ሁሉም አዲስ ማኅደር ውስጥ ገባ፤ ነጭ ምልክትም ተለጠፈበት። የተፈረካከሱትን መጠቅለያዎችና ጥብጣቦች እንደገና ጥቅም ላይ የሚውል ቆሻሻ የሚጣልበት ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ጨመርኳቸው። በርሜሉን ደግሞ ማንም ሳያዘኝ እየገፋሁ መንገድ ዳር አወጣሁት፤ መኪናው የሚመጣው ረቡዕ ጠዋት ነውና። በጣም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረቡዕ ከሰዓት ሚስ ዶራ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ተመለሱ። እጃቸውን ማኅደሮቹ ላይ እያሳለፉ ዳሰሷቸው።

«የአዲስ ወረቀት ሽታ» አሉ። «ጎበዝ። በይ አልተንሙርን አምጪልኝ።»

እንደዚህ የሚባል ሰው ያየሁ አልመሰለኝም።

«አልተንሙር ማን ናቸው?»

«ማን ሳይሆን ርስቱ ነው እንጂ። ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ያለው የአልተንሙር ጥቅል። ላዩ ላይ ተጽፎበታል።»

ከዚያ የፈለጉበትን ምክንያት ነገሩኝ። አልተንሙር ደን ውስጥ አንድ ጉብታ አለ። ላዩ የቤተሰቡ መቃብር ነው። ታናሽ ወንድማቸው ዮአኪም በመጨረሻው የጦርነት ክረምት በስድስት ዓመቱ በጉሮሮ በሽታ ሞቶ እዚያ ተቀብሯል። ከእሱ በኋላ ዮአኪም የሚባል የለም። አሁን የመንደሩ ምክር ቤት ደኑን ለአንድ ኩባንያ ሊያከራይ ነው፤ ጉብታውም ሊደለደል ይችላል። የሚስ ዶራ አያት ግን በዘመናቸው ከመንደሩ ጋር የተፈራረሙት አንድ ውል አለ። ደኑ ማንም ይያዘው፣ ጉብታው ለቤተሰቡ መቃብርነት ይቆያል ይላል። ምክር ቤቱ ዓርብ ጠዋት ይሰበሰባል። የመንደሩ ጸሐፊ ደግ ሴት ናት፤ በእነሱ ሐሙስ እኩለ ሌሊት ድረስ ነቅታ እንደምትጠብቅ ጽፋለች። ይህም በእኛ ሐሙስ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ነው።

«መሬቱን አልፈልግም» አሉ ሚስ ዶራ። «የምፈልገው ስሞት ከልጁ አጠገብ መተኛት ነው። እንደማልቀር ነግሬው ነበር።»

መኝታ ቤቱ ገብቼ ማኅደሮቹን አየሁ። አማልያ። ክላራ። ዮአኪም፣ ዮአኪም፣ ዮአኪም። የየትኛው ርስት እንደሆኑ በቀላሉ የሚናገሩት መጠቅለያዎቹ ብቻ ነበሩ። በመስኮት ስመለከት ሰማያዊው በርሜል ክዳኑ ተከፍቶ ባዶውን ቆሟል።

ወጥቼ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? «ነገ አወጣልዎታለሁ» አልኩ። ውሸት መሆኑ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

አባዬ ሊወስደኝ መጥቶ ጥግ ላይ ፓርክ አድርጎ ይጠብቀኝ ነበር። መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኩት። መብራት ላይ ቆመን ዞሮ አየኝ።

«ለአሮጊቷ ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም። ማታ በኢንተርኔት ቋንቋውን ለማንበብ…»

«ጀርመንኛ በአንድ ማታ?»

«አባዬ እባክህ።»

«ነገ ገና በር ላይ ሳለሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ጫማሽን ሳታወልቂ። ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከክላስ በኋላ።»

«ሺፍቴን እቀይርና እኔም እመጣለሁ።»

«አንተ ምን ታደርጋለህ?»

«ሳጥን አነሳለሁ» አለ።

ሐሙስ እንደተባለው በር ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። እንዴት እንደደረደርኩ፣ ምን እንደጣልኩ፣ ትናንት እንደዋሸሁ። ሚስ ዶራ ግድግዳውን በእጃቸው እየፈለጉ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ጥብጣቦቹንም?» አሉ።

«እነሱንም።»

«አያቴ ናቸው ያሰሯቸው።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «በኛ ቤት ወረቀት በሰው አይቀመጥም። ሰው ይወለዳል፣ ዮአኪም ይባላል፣ ይሞታል። መሬቱ ነበር የሚቆየው። ሁሉም ነገር በመሬቱ ነበር የሚቀመጠው፤ እኛም ጭምር።»

«በጣም አዝናለሁ።»

«አንቺ ሰዎቹን ነው የፈለግሽው» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም። «ስንት ሰዓት ቀረን?»

«ስድስት።»

«እንግዲያውስ እንጀምር። ውሉ ላይ የተሰፋ የጉብታው ንድፍ አለ። የቦታ ንድፍ ያለበትን ሁሉ አምጪ።»

ችግሩ ይህ ነበር። እሳቸው ማንበብ ያውቃሉ፣ ማየት አይችሉም። እኔ አያለሁ፣ ማንበብ አልችልም። ከሰዎቹ ስም በቀር ጽሕፈቱ ሁሉ የድሮ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ፊደሉ ሁሉ ለእኔ ተመሳሳይ የመርፌ ጫፍ ነው። አንድ ዘዴ ፈጠርን። የርዕሱን ፊደሎች አንድ በአንድ መዳፋቸው ላይ በጣቴ እስልላቸዋለሁ፤ እሳቸው ያነቡታል። ለአንድ ወረቀት አሥር ደቂቃ ፈጀ። ወፍጮ ሆነ። ሁለተኛው የግሪምሆፍ መንገድ ሆነ። ንድፍ ያለባቸው ወረቀቶች ክምር ደግሞ ገና ጠረጴዛውን ሞልቶ ነበር።

በስምንት ሰዓት ግድም አባዬ ደረሰ። በር ላይ ኮፍያውን አወለቀ። ሚስ ዶራ እጃቸውን ሲዘረጉለት በሁለት እጁ ተቀበላቸውና ከወገቡ ጎንበስ አለ። አባዬ ለአለቃው እንኳን እንደዚያ ሲያጎነብስ አይቼው አላውቅም። እሱም ራሱ የደነገጠ መሰለኝ፤ ቶሎ ቀና ብሎ ወደ ሳጥኖቹ ሄደ።

እሱ ቀሪዎቹን ንድፎች ከየማኅደሩ ሲለቅም አሥር ሰዓት አለፈ፤ እኔ ደግሞ አንድ ረጅም ወረቀት አነሳሁ። በመስመር በመስመር ስም አለበት፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ጭረቶች አሉ። ርዕሱን መዳፋቸው ላይ ሳልኩላቸው።

«ይህ የመንደሩ ሰዎች ዝርዝር ነው» አሉ ሚስ ዶራ። «ጭረቶቹ ለኛ የሠሩባቸው ቀኖች ናቸው።»

አባዬ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። «ጭሰኞቻቸው ነበሩ ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው።»

ተረጎምኩ።

«አዎ በያቸው» አሉ። «ያልመጣ ሰው ላሙ ትወሰድበት ነበር። አያቴ በፈረስ አለንጋ ሰው ሲመቱ ዓይቻለሁ። ልጅ ነበርኩ፤ ልክ መስሎኝ ነበር።»

ይህንንም ተረጎምኩ። አባዬ ወረቀቱን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ በረንዳው ደረጃ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ይዟል።

«ሄዱ?» አሉ ሚስ ዶራ።

«አላውቅም።»

እውነቴን ነው፤ አላወቅኩም። እንዲሄድ ይሁን እንዲመለስ የምፈልገውንም አላወቅኩም። በዚያች ሰዓት የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ለማን እንደምሠራ፣ ያበላሸሁት ወረቀት መበላሸቱ ራሱ ጥፋት ይሁን ጽድቅ ሁሉም ተምታታብኝ። እዚያ ዝርዝር ላይ ያሉት ሰዎች ስም እንደ እኛ አጭር ነበር። ከስማቸው ጋር የሚጻፍ ርስት አልነበራቸውም። እሳቸው ደግሞ እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው፣ የሚቀጥለውን ፊደል እስክስልላቸው መዳፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኝ ነበር። ሳልኩላቸው። ሌላ ወፍጮ።

አባዬ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ገባ። ንድፎቹን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ በመካከላቸው ተንበረከከ።

«አባዬ፣ አታነባቸውም እኮ።»

«መሬት እኮ ነው» አለ። «ይሄ እርሻ ነው፤ ትልሙ በዚህ ይሄዳል። ይሄ ውኃ ተጠልፎ ወፍጮ የሚነዳበት። ይሄን አንሽው፣ መንገድ ነው። ይሄም ይውጣ።» በደቂቃዎች ውስጥ ክምሩ ወደ አምስት ወረቀት ወረደ። ከዚያ አንዱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። ቆየ።

«ይሄ ነው።»

«እንዴት አወቅክ?»

ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ። «ወሰኑ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ታያለሽ? ደኑን ሰንጥቆ ነው የሚሄደው። እዚህ ሲደርስ ዞረ። አለት የለም፣ ውኃ የለም፣ የጎረቤት መሬት የለም። ዞሮ ተመልሶ ደግሞ በዚያው በመስመሩ ቀጠለ። ለኪው ያለ ነገር አይዞርም። አንድ ሰው እዚህ ጋ ቆሞ አትንካብኝ ብሎታል።»

«አንተ የመሬት ልክ የት ተማርክ?»

«ጊዜ የለም፤ ጣፊላቸው» አለኝ።

ከወረቀቱ ራስ የመጀመሪያውን ፊደል መዳፋቸው ላይ ሳልኩ። ከዚያ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ሚስ ዶራ ጣቴን ጨብጠው ያዙት።

«አልተንሙር» አሉ። «ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። የሚቀጥለው ቃል ረጅም ነበር፤ ሁለቴ ደገምኩት። ሚስ ዶራ በተሸፈነው ዓይናቸው ሥር እንባቸው ወረደ። «መቃብር» አሉ።

ንድፉንና አብሮት የተሰፋውን ውል ፎቶ አንስቼ ለጸሐፊዋ ላክሁላት። ሰዓቴን ሳይ ለአሥራ ሁለት አሥራ አራት ደቂቃ ይጎድላል። ጸሐፊዋ ወዲያው «ደርሶኛል» ብላ መለሰች።

ሚስ ዶራ ወደ አባዬ ዞሩ። ያለበትን ስላላወቁ ፊታቸው ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው ነበር። «አባትሽን አመሰግናለሁ በያቸው። መሬት መለካት የት እንደተማሩም ጠይቂልኝ።»

ተረጎምኩ። አባዬ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ መጀመሪያ ወለሉን አየ። ከዚያ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ እኔ እንድተረጉምለት እያቆመ፣ ተናገረ።

«አዋጁ የወጣ ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር የገበሬ ማኅበሩ ገመድ ያዥ አደረገኝ። የኛ ባላባት ሞተው ሚስታቸው ነበሩ የቀሩት። እሜቴ ነበር የምንላቸው። መሬታቸውን ልለካ ስገባ ወጥተው ከጓሮ ባለች አንዲት ወይራ ሥር ቆሙ። ታደሰ፣ ሁሉንም ውሰዱት፣ ይቺን ዙርልኝ አሉኝ። እዚያ ሥር ልጃቸው ነበር። ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም፤ ቤት አጠገብ ነው የሚቀበረው። ሁለት ክንድ ነበር የጠየቁኝ።»

«እና?» አሉ ሚስ ዶራ።

«አባቴን በቆሙበት ጠርተው ያስገርፉት ነበር እኮ» አለ አባዬ። ተረጎምኩ። «ሰውም ያየኝ ነበር። ገመዱን ቀጥ አድርጌ ወሰድኩት። በዓመቱ ወይራዋ ተቆርጣ ታረሰ።»

ሚስ ዶራ በጣታቸው የወረቀቱን ጠርዝ ዳሰሱ። «ወንድሜ የተኛበትን ጉብታ ማን ዞረው ብዬ ጠይቄ አላውቅም» አሉ። «አያቴ መስለውኝ ነበር ሁሉን ያደረጉት። ገመዱን የያዘው ሰው ግን የመንደሩ ሰው መሆን አለበት።»

አባዬ ይህን ስተረጉምለት ራሱን ነቀነቀ። ስንወጣ ከበሩ ላይ ዞሮ «ደህና ይዋሉ፣ እሜቴ» አላቸው፤ በአማርኛ። ለሚስ ዶራ አልተረጎምኩላቸውም።

ምክር ቤቱ ጉብታው ሳይነካ እንዲቀር ወሰነ። ለሚስ ዶራ ቦታቸው ተጠብቆላቸዋል። ዓይናቸው ድኖ አሁን ያነባሉ፤ እኔም ሥራዬ ላይ ነኝ። ወረቀቶቹን አብረን በየርስታቸው እየመለስናቸው ነው። የሥራ ቀኖቹን ዝርዝር ግን ለብቻው፣ በእያንዳንዱ ገበሬ ስም እንዳስቀምጠው አዘዙኝ።

ውድ አንባቢዎች፣ ከዚህ ምን እንደተማርኩ ብትጠይቁኝ ንጹህ መልስ የለኝም። ሳልጠይቅ ማስተካከል ትቻለሁ፤ እሺ ከማለቴ በፊትም አንድ ጊዜ እተነፍሳለሁ። ይህ ትንሹ ነው። ትልቁን ግን እስካሁን አልያዝኩትም። አባቴ በአገሩ ለእሜቴ ያላዞረውን ገመድ ለማያውቃቸው የባላባት ልጅ ከወረቀት ላይ አገኘላቸው። አጥፍቶ ነበር? የአያቴን ጀርባ ሳስብ አላጠፋም እላለሁ። ወይራዋን ሳስብ አጥፍቷል እላለሁ። ሁለቱንም በአንድ ማኅደር ውስጥ ለማስቀመጥ ብሞክር አንገጥም ብለውኛል። እናንተ ብትሆኑ ገመዱን ምን ታደርጉት ነበር?

በዚያው ሳምንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባዬ ወረቀትና እርሳስ አምጪ አለኝ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ብዙ ሠራ። ቀጥ ያለ ወሰን፣ ቤት፣ ጓሮ፣ አንዲት ክብ። ወሰኑ ክቧ ጋ ሲደርስ እርሳሱን አቆመ። ከዚያ ዞራት።

«ከነዚያ ማኅደሮችሽ አንዱ ውስጥ አስቀምጪልኝ» አለኝ።

ነጩን ምልክት አወጣሁ። «በማን ስም ልበለው?»

«ክርስትና አልተነሳም እኮ» አለ አባዬ። «ስም የለውም። በቦታው አስቀምጪው።»